መሪያችን ተከትባልናለች

እኔ ቁጡ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ «እንዲያ የሚያስጮህ ምን ነበረ?» የሚል ሰው እንዳይመጣብኝ ነው። ቢቸና ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ባዮሎጂ ሳስተምር፣ ተማሪዎቼ የጫማዬን ድምፅ ከሩቅ ሲሰሙ ጸጥ ይሉ ነበር። ስብሰባ ላይ እጄን ሳወጣማ ባልደረቦቼ «መጣች» ብለው አንገታቸውን ይደፋሉ። የዚያን ዓመት ነገር ሳስበው ግን ንዴቴ ብቻውን አይመጣም፤ ሳቅ ይቀድመዋል። ሳቁ ሲያልፍ እንደገና እናደዳለሁ።

ክትባት ሊመጣ ነው ተባለ። የማህፀን በር ካንሰርን የሚከላከል፣ ላገራችን አዲስ፣ ለሴት ልጆች ብቻ፣ ያውም አሥራ አራት ዓመት ለሞላቸው ብቻ። ዘንድሮ ያመለጣት ልጅ ከርሞ አሥራ አምስት ሲሞላት አለቀላት፣ ተራው የታናናሾቿ ነው። ሌላው መምህር እንደ ማንኛውም የቢሮ ወሬ ሰምቶ አለፈው። እኔ ግን የመምህራን ማረፊያው አግዳሚ ላይ ቁጭ አልኩ። ታላቅ እህቴን ሞጣ ላይ የቀበርናት በዚሁ በሽታ ነው። አንድ ልጇ እኔ ቤት ናት፣ እኔው ትምህርት ቤት ትማራለች፣ አሥራ አራት የሞላትም በዚያው ዓመት ነው።

«ተመስገን» አልኩ። በሕይወቴ አንድ ነገር በሰዓቱ ሲመጣ ያየሁት ያኔ ነው። እንዴት አድርገን እንዳበላሸነው ደግሞ ልንገራችሁ።

ክትባቱ ሳይመጣ ትምህርቱ ይቅደም ተባለ። ደግ ነው፣ ማን ይጠላል? ትምህርቱን የምሰጠው ግን እኔ አይደለሁም። እኔ በጠመኔ የማስተምር ኋላ ቀር ነኝ። ትምህርቱ በኦንላይን ነው። ከላይ የመጣልን ባለሙያ «ኦንላይን» የምትለዋን ቃል ሲጠራ ድምፁ ሁሉ ይለወጥ ነበር። «ታዳጊዎቹ በራሳቸው ፍጥነት ይማራሉ» አለን። በራሳቸው ፍጥነት! በኔትወርኩ ፍጥነት ቢል እውነቱን ይሆን ነበር።

የኮምፒውተር ክፍላችን የተከበረ ቦታ ነው። ጫማ ሳያወልቁ አይገባም። ኮምፒውተሮቹ አቧራ እንዳይነካቸው ጥልፍ ያለው ጨርቅ ለብሰው ነው የሚውሉት፤ ጨርቁ ሲነሳ ያየሁት እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው። ከነዚያ ሁሉ መሐል ኢንተርኔት የሚይዘው አንዱ፣ መስኮቱ ሥር ያለው ነው። እሱም ከሰዓት በኋላ ያኮርፋል።

ታዲያ ያን ሁሉ ሴት ልጅ በአንድ ኮምፒውተር እንዴት አድርገን እናስተምር? ዲሬክተራችን መላ አላጣም። ወጣት ነው፣ ንጹሕ ሸሚዝ የሚወድ፣ ክፋት የሌለበት፣ ከሪፖርት በቀር የሚያስጨንቀው ነገር የሌለ ሰው። «በአንድ ለአምስት!» አለ።

ያኔ ሁሉ ነገር በአንድ ለአምስት ነበር። አምስት ሰው ከአንድ መሪ ጋር ይቧደናል፤ ገበሬው አረም ሲያርም በአንድ ለአምስት፣ መምህሩ ሲገመገም በአንድ ለአምስት፣ ተማሪው ሲያጠና በአንድ ለአምስት። መሪው ካወቀ አምስቱም አወቁ ይባላል። እንደተለመደው የይለፍ ቃል ለየቡድኑ መሪ ተሰጣት። እሷ ትገባለች፣ ትማራለች፣ ፈተናውን ትፈተናለች፣ ወጥታ ለአምስቱ ታስተላልፋለች። አምስቱ ደጅ ሆነው ጫማዋን ይጠብቃሉ።

ትምህርቱን እኔም ከአንዷ መሪ ኋላ ቆሜ፣ በካልሲዬ፣ አየሁት። አንዲት ቆንጆ ሴት ብቅ ትልና «ውድ ታዳጊዎች፣ እንኳን በደህና መጣችሁ» ትላለች፤ ከዚያ አፏን እንደከፈተች ትቀራለች። ነጭ ክብ ግንባሯ ላይ ይዞራል። ይዞራል፣ ይዞራል። ልጅቷ በትዕግሥት ታየዋለች። ቆይታ ዞር አለችና «መምህር፣ ቫይረሱ ይሄ ነው?» አለችኝ።

ሴትዮዋ ስትነቃ ጋሻ የያዘ ወታደር ሥዕል ይመጣል፤ ክትባት ማለት እሱ ነው። ከዚያ ፈተና። የተሳሳተውን ስትነኪ ቀይ ይበራና «እንደገና ሞክሪ» ይልሻል። የኛ ልጆች ወዲያው ነቁበት። አንዱን ይነካሉ፣ ቀይ። ቀጣዩን ይነካሉ፣ ቀይ። ሦስተኛው አረንጓዴ። ጥያቄውን ማንበብ ለምኔ! ሲያልቅ ከላይ ባለቀለም ወረቀት ይዘንብና «እንኳን ደስ አለሽ፣ አጠናቀሻል!» ይላል። መሪዋ ብቅ ስትል ደጅ ያሉት «ጨረስን?» ይላሉ፤ «ጨረስን» ትላለች፤ ጫማዋን ታጠልቅና ተያይዘው ገመድ ዝላይ ይሄዳሉ። ማስተላለፍ ማለት ይኸው ነው።

የእህቴ ልጅም መሪ ነበረች። እሷ ግን እንደ እናቷ የያዘችውን ነገር እንደዋዛ አትለቅም። አምስቱን ባህር ዛፉ ሥር ሰብስባ፣ የቄስ ተማሪ ፊደል እንደሚቆጥረው ታስጮሃቸዋለች። «ካንሰሩን የሚያመጣው ምንድን ነው?» «ቫይረስ!» «ክትባቱ የት ይሰጣል?» «ክንድ ላይ!» «ስንት ጊዜ?» «ሁለት ጊዜ!» ያለፈ ያገደመው ቆሞ ይስቅባቸዋል። እኔ ሳያት ደስም አለኝ፣ ሆዴም ባባ።

ያን ዕለት ወደ ቤት ስንመለስ «እቴቴ፣ ኦንላይኑ የበሽታውን ምልክቶች ሲዘረዝር ነበር» አለችኝ። «እማዬም እንዲያ ነበረች አይደል?»

«አዎ» አልኳት። ደብቄያት አላውቅም፤ እሷም ይህን ያህል ጠይቃኝ አታውቅም ነበር።

ትንሽ ሄድን። «እኔንም ይይዘኛል?»

«ቫይረስ ነው እኮ፣ ራስሽ ስታስተምሪ አልነበር? ክትባቱ ሲመጣ ትከተቢያለሽ፣ በቃ።»

«በቃ?»

«በቃ!»

ቀላል ነገር መስሎኝ።

አባቷ ሞጣ ናቸው። እህል ነጋዴ፣ ረጋ ያሉ፣ በዕድሜ ከእህቴ ብዙ የሚበልጡ ሰው ናቸው። እህቴ ከሞተች ወዲህ «ቤቱ ሴት አጣ፣ አንቺ አሳድጊልኝ» ብለው ነው ልጅቷን እኔ ዘንድ ያስቀመጧት። ደወልኩላቸው። የደወልኩትም ለማስፈቀድ አልነበረም፤ ለማብሰር ነው።

«መርፌ አይነካትም» አሉኝ።

«ምነው ጋሼ? እህቴ የሞተችበትን በሽታ የሚከላከል ነው እኮ!»

«ገበያው ሁሉ የሚያወራውን አልሰማሽም? ያመክናል ይላሉ። እኔ ያለችኝ አንድ ልጅ ናት።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ የባዮሎጂ መምህር ነኝ!»

«እሱን ለተማሪዎችሽ ንገሪያቸው።»

ተከራከርኩ፣ ለመንኩ፣ በመጨረሻም እንደ ልማዴ ጮኽኩ። እሳቸው ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። «ስሚኝ» አሉ። «በእህትሽ አጽም ይዤሻለሁ። እኔ ሳልፈቅድ መርፌ ቢነካት አጽሟ ይፋረድሽ።» ስልኩን ዘጉት።

እንግዲህ ምን ይባላል? በሞተ ሰው አጽም የተያዘ ሰው ባዮሎጂ ይማር፣ ዲግሪ ይደርድር፣ እጁ ታስሯል። እኔ ስንቱን ተማሪ «በማስረጃ እመኑ» እያልኩ ያስተማርኩ ሴት፣ አንዲት መሐላ ግጥም አድርጋ አሰረችኝ። ደሜ ፈላ። የሰውየውን ድንቁርና ለጎረቤት፣ ለባልደረባ፣ ላገኘሁት ሁሉ አወራሁ፤ ልቤ ግን አልቀለለም። ለልጅቷ ስነግራት «እሺ» ብቻ አለች። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

የክትባቱ ቀን ሁለት ነርሶች መድኃኒቱ የሚቀዘቅዝበትን ሣጥን አንግተው በጠዋት መጡ። ዲሬክተሩ ሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ «የየቡድኑ መሪዎች ቀድመው ይሰለፉ!» አለ። መሪዎቹ ተሰለፉ። አንዷ ዓይኗን ጨፈነች፣ አንዷ ገና ሳትነካ ጮኸች፣ ሌላዋ ሳቀች፤ ብቻ ተከተቡ። ነርሷ «ቀጣይ» አለች። ቀጣይ የለም። ብወጣ ሜዳው ጭር ብሏል። ግማሾቹ በአጥሩ ቀዳዳ ወጥተው ሄደዋል፤ የቀሩት ከመማሪያ ክፍሉ ጀርባ ቁጭ ብለው ጸጉር ይሠራራሉ።

«እናንተ! ክትባቱስ?»

«እኛ ጨርሰናል መምህር።»

«ማን ወጋችሁ?»

«መሪያችን ተከትባልናለች።»

ይህን ያለችኝ ልጅ ፊት ላይ ቅንጣት ቀልድ የለም። መርፌ መፍራትም አለበት፣ አልክድም። ግን ምን ላድርጋት? ትምህርቱን መሪዋ ተማረችላት፣ ፈተናውን መሪዋ ተፈተነችላት፣ እንኳን ደስ አለሽ እንኳ የተባለችው በመሪዋ በኩል ነው። መርፌው ላይ ሲደረስ «ይሄኛው ለየራስ ነው» ያላት ሰው የለም። እኛው ያስተማርናትን ነው መልሳ የነገረችኝ። አፌን ያዝኩ፣ እኔ! አፌን መያዝ የማላውቀው!

የእህቴ ልጅ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። መሪዎቹ ሲሰለፉ እሷ አልተሰለፈችም። አምስቱ ደግሞ ከበዋታል፤ «መሪያችን ሳትከተብ እኛ አንከተብም» ብለዋል። ስድስት ልጅ በአንድ መሐላ ቀረ። ሌሎቹን ለመሰብሰብ እኔ ወዲያ ወዲህ ስሯሯጥ የነርሶቹ መኪና ጥሩምባውን ነፋ፤ ሌላ ትምህርት ቤት ይጠብቃቸዋል። «የቀረ ካለ ደውሉልን፣ ሳምንቱ ሳያልቅ እንመለሳለን» ብለው ሄዱ።

ዲሬክተሩ ደወለ፤ መደወሉንስ ደወለ። ግን የደወለው ለአለቆቹ ነው። «መቶ በመቶ!» ሲል ጆሮዬ ሰማ።

ቢሮው ዘው ብዬ ገባሁ። «ምኑ ነው መቶ በመቶ?»

«በቡድን ደረጃ ነው» አለኝ፣ ሳይደነግጥ። «ያልተከተበ ቡድን የለም።»

«የእህቴ ልጅ ቡድን አንድም አልተከተበም!»

«እሱን ከጎረቤት ቡድን ጋር አጠቃለነዋል።»

አጠቃለነዋል! ልጆቹን እንደ ትርፍ ወንበር ወስዶ ሌላ ክፍል አስገባቸው። «መቶ በመቶ ካልክ እኮ ነርሶቹ አይመለሱም» አልኩት። «ሳምንቱ ካለቀ ልጆቹ ቀሩ ማለት ነው!» እሱ ግን ስልኩ እንደገና ጮኸለት፤ ሲያነሳው ፊቱ በራ። ከዞኑ ሁሉ ሞዴል ሆነናል። ተሞክሯችንን ሞጣ ሄደን እናካፍላለን። ያውም በዚያው ሳምንት፣ የሞጣ ልጆች በሚከተቡበት ቀን፣ እንግዶች ሁለቱንም በአንድ ጉዞ እንዲያዩ። ኦንላይኑን በአንደኝነት የጨረሰችው ተማሪም መድረክ ላይ ትናገራለች። ማን ናት አንደኛ? የእህቴ ልጅ።

«እሷ እኮ አልተከተበችም!»

«ስለ ትምህርቱ ነው የምትናገረው» አለኝ።

እኔም ጮኼ ልቀር ነበር፤ ከዚያ ጋሼ ሞጣ መሆናቸው ትዝ አለኝ። እግራቸው ላይ ወድቄም ቢሆን መሐላውን አስፈታለሁ ብዬ ሄድኩ።

በሚኒባስ ነው የሄድነው፣ ግንባሩ ላይ መፈክር የተጻፈበት ጨርቅ ተለጥፎበት። ግንደወይን ላይ ቁርስ ልንበላ ስንቆም ዲሬክተሩ ንግግሩን ለአስተናጋጇ ሳይቀር አለማመደባት። ልጅቷ ምንም አልቀመሰችም። «አባባ ይኖራል?» አለችኝ። «ወላጅ ኮሚቴ አይደሉ፣ ይኖራሉ» አልኳት። «ታዲያ ፊቱ ምን እላለሁ?» አለች። እኔም አላውቅም ነበር።

አዳራሹ የፕላስቲክ አበባ፣ የታሸገ ውሃና ቆሎ ቀርቦበት ጠበቀን። ጋሼ ከወላጆቹ ረድፍ ጋቢያቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። ልጃቸውን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁላት፤ እኔን አላዩኝም፣ ወይም ማየት አልፈለጉም። መጀመሪያ ኦንላይኑ በቀጥታ ይታያል ተባለ። መጋረጃው ተዘጋ፣ ቆንጆዋ ሴት ግድግዳው ላይ ብቅ አለች፣ «ውድ ታዳጊዎች» አለች፣ አፏን ከፍታ ቀረች። ክቡ መዞር ጀመረ። አዳራሽ ሙሉ ሰው፣ ካህኑ፣ ነጋዴው፣ ሹሙ፣ ያን ክብ ቁጭ ብሎ ያያል። ባለሙያው በየመሐሉ «እየመጣ ነው» ይላል። ቆሎው አለቀ። ክቡ አላለቀም። በመጨረሻ መጋረጃው ተከፈተና «በጣም አስተማሪ ነበር» ተብሎ ተጨበጨበ።

ከዚያ ዲሬክተራችን ወጣ። ስለ ቁርጠኝነት ተናገረ፣ ስለ ቅንጅት ተናገረ፣ ስለ መቶ በመቶ ተናገረ። ጭብጨባው ሲደምቅለት ጊዜ ሞቀውና የእህቴን ልጅ ትከሻ ይዞ ወደ መድረኩ መሐል አመጣት። «ይህች ተማሪ» አለ፣ «በኦንላይን በአንደኝነት የተማረች፣ ከዚያም የተከተበች፣ የሞዴሎች ሞዴል ናት!»

ልጅቷ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። ከወላጆቹ ረድፍ ጋሼ ተነሱ።

«ይቅርታ ይደረግልኝ» አሉ። «ያቺ ልጅ የኔ ልጅ ናት። ተከትባለች ነው ያልከው?»

«አዎ አባቴ! እንኳን ደስ አለዎት!»

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። እንዲያ ያለ ዓይን አይቼ አላውቅም። «አንቺ! በአጽሟ ይዤሽ?»

«እኔ መሐላዎን ጠብቄያለሁ ጋሼ!» አልኩ ከመቀመጫዬ ተነስቼ። «መርፌ አልነካትም! የተናገረውን ይጠይቁት!»

ዲሬክተሩ ላብ ላብ አለው። «ማለቴ… በቡድን ደረጃ…»

«በቡድን ደረጃ ምን ማለት ነው?» አሉ ጋሼ።

«የቡድን መሪዎች ተከትበዋል። ስለዚህ ሌሎቹም በነሱ በኩል…»

ከዚህ በላይ አልቻልኩም። «ካንሰሩም በአንድ ለአምስት ነው እንዴ የሚመጣው?» ብዬ ጮኽኩ። «ንገረን እንጂ! አንዷን ይዞ አምስቱን ይምራል?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሰብሳቢው ጠረጴዛውን እየደበደበ «መድረኩ ይከበር፣ ጥያቄዎች ከሻይ በኋላ» ይላል። ጋሼ ግን አልሳቁም። ልጃቸውን መርፌ እንዳልነካት ሰሙ፤ ደስ ሊላቸው በተገባ። እሳቸው ግን ከረድፋቸው ወጥተው ወደ ፊት መጡ። ሳቁ ቀስ በቀስ ሞተ።

«ይቺ መምህር ‹ደንቆሮ ነው፣ መርፌ ያመክናል ብሎ ነው› ብላ ታማኛለች» አሉ። «እኔም ሲጠይቁኝ እንዲያው እላለሁ፣ ይቀለኛል። መርፌውን አይደለም የምፈራው። የምፈራው እናንተን ነው።» ጣታቸውን ቀሰሩ፤ የፊት ረድፉ ላይ፣ ሹሞቹና ሐኪሞቹ ላይ። «እናቷን ይዤ በየደጃችሁ ስዞር አንዱ ሳያያት ‹ታይታለች› አለኝ። ሌላው ‹ታክማለች፣ ድናለች፣ ይዘሃት ግባ› አለኝ። እኔም አመንኩ። በግ አረድኩ። ጎረቤት ጠራሁ። ‹እንኳን ማረልህ› አላችሁኝ፤ የበላችሁ ሰዎች እዚሁ አላችሁ። ድናለች ተብያለሁና ተነሽ፣ እንግዳ አስተናግጅ አልኳት። ወጥ ስታወጣ ነው የወደቀችው። ከዚያ አልተነሳችም።»

እኔም በልቻለሁ። ያን ቀን ከቢቸና ሄጄ፣ እልል ብዬ፣ በልቻለሁ። ሰው ያወቀው የሞተችበትን በሽታ እንጂ ሐኪሞቹ ሳያዩ «ድናለች» እንዳሏቸው አልነበረም። ስንት ወር የሰውየውን ድንቁርና ሳወራ እሳቸው ይህን ተሸክመው ኖረዋል። አፈርኩም፣ አዘንኩም፣ ከሁሉ በላይ ግን ተናደድኩ።

«አሁን ደግሞ ልጇን ሳትወጉ ‹ተወግታለች› አላችሁ» አሉ ጋሼ። «ነገ ብትታመም ‹አይ፣ እሷማ ተከትባ ነበር› ልትሉኝ ነው?»

ውሃ የያዘ ሰው ሁሉ ውሃውን ይጎነጫል።

«ጋሼ» አልኩ። ድምፄ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጠነብኝ። «ይፍቱኝ። ነርሶቹ ያው ቀጥሎ ያለው ክፍል ውስጥ ናቸው። ማንም አይንገርዎ፣ በዓይንዎ ይዩ። ከመሐላው ይፍቱኝ።»

ጋሼ ወደ መድረኩ ነው ያዩት። «አንቺስ ልጄ?» አሉ።

ያቺ አምስት ልጅ ስታስጮህ የነበረች ልጅ፣ በቀጭን ድምፅ «እኔ እፈልጋለሁ አባባ» አለች። «እማዬ የሞተችበትን እፈራለሁ።»

ጋሼ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣሉና «ፈትቼሻለሁ» አሉኝ። ከዚያ ለልጃቸው እጃቸውን ዘረጉ። ሰብሳቢው «ፕሮግራሙ ገና አላለቀም» ሲል ሰማሁት፤ ማን ይሰማዋል!

የኋላውን አሁኑኑ ልንገራችሁና ይውጣልኝ፦ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ከተዋረድን በኋላ ነርሶቹ ቢቸና ተመልሰው መጥተዋል። የእህቴ ልጅ አምስቱ ቀድመው ተሰለፉ። ከሌሎቹ ያገኘነውን አገኘን፣ ያላገኘነው ቀረ። የቀሩትም ቢሆን እስከ ዛሬ መቶ በመቶ ውስጥ አሉ። ዲሬክተሩ እድገት አግኝቷል።

ወደዚያ ቀን ልመለስ፤ ነርሶቹ ባሉበት ክፍል ውስጥ የሞጣ ልጆች ተሰልፈዋል፤ ሽማግሌውን ሲያዩ መንገድ ለቀቁ። ጋሼ ከተማሪ አግዳሚ ላይ፣ ጉልበታቸው እስከ ደረታቸው ተነስቶ፣ ልጃቸው አጠገብ ተቀመጡ። ነርሷ ወጣት ናት። ልጅቷ የሌላ ወረዳ ናት ብላ ልታንገራግር ነበር፤ የሰውየውን ፊት አየችና ተወችው። «ከስድስት ወር በኋላ ሁለተኛው አለ፣ እንዳትቀሩ» አለች።

«እኔው አመጣታለሁ» አሉ። ብልቃጡን ትኩር ብለው አዩት። «ይሄ ነገር እናቷ ልጅ በነበረች ጊዜ ነበር?»

«ያኔ የትም አልነበረም አባቴ። ሲገኝም ውጭ አገር ነው የተጀመረው። እኛ ዘንድ ገና አሁን መምጣቱ ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ነርሷ ክንዷን በጥጥ ጠረገችና ወጋቻት። ጋሼ ዓይናቸውን ከመርፌው ላይ አልነቀሉም፤ እስኪገባ አዩ፣ እስኪወጣ አዩ። ልጅቷ ከንፈሯን ነከሰች።

«አመመሽ?» አሏት።

«ትንሽ።»

«ይመምሽ» አሉ፣ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ይመምሽ ልጄ። ካመመሽ ተወግተሻል ማለት ነው።»